ነፋስ የሚመታው ጎን

ላሊበላ፣ ነሐሴ 2005 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደሳለ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ አለሜስ? ትንንሾቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቴን ትላለች፣ ክረምቱን ታማርራለች፤ እሑድ ግን ቅዳሴ አስታጉላ አታውቅም። በኩልመስክ በኩል ዝናቡ ጠንክሯል፤ ገብሱም ያማረ ነው ይላሉ። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። አንተ ግን ስልክ ስትይዝ ገደል ማዶ ያለ ሰው የምትጠራ ነው የሚመስልህ፤ ጮኸህ ጮኸህ እኔ መልስ ልጀምር ስል ካርድህ ያልቃል። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። በወረቀት አታቋርጠኝም።

ባለፈው እሑድ ደውለህ ያልከውን አልረሳሁትም። "ፋናን ናቹራል አስገቢያት። ጂኦግራፊ ምን ሊረባት ነው? ተራራ መቁጠር ነው። ተራራ እንደሁ ላስታ ሞልቷል። አገር እንደሁ በእግር ነው እሚታወቅ፤ እኔ ሳልማር ከኩልመስክ ተነስቼ መተማ አልደረስኩም?" አልክ። ከዚያ እንደ ልማድህ ካርድህ አለቀ።

ጉዳዩ ይኸው ነው። ልጅህ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷ መጥቷል። ጥሩ ውጤት ነው፤ የፈለገችው ክፍል ያስገባታል። መሰናዶ ስትገባ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባት። ናቹራል ካለች ፊዚክስና ባዮሎጂ፣ ሶሻል ካለች ጂኦግራፊና ታሪክ ትማራለች። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ያልቃል። እሷ ጂኦግራፊን ፈልጋ ሶሻል ብላለች፣ አንተ ናቹራል ብለሃል። እኔ በመሀል የቆምኩ አክስት ነኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪም ስለሆንኩ ዳኛ ልሆን አልችልም፤ ምስክርነት ግን አይከለከልም።

ያልከው ሁሉ ውሸት አይደለም። መንግሥትም ሰባ ሠላሳ ብሎ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንሱ እየላከ ነው። ሶሻል የሰነፍ መጠለያ ነው የሚሉ አስተማሪዎች እዚሁ እኛ ትምህርት ቤት አሉ፤ አጠገቤ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ፋናንም ጓደኞቿ "ይህን የመሰለ ውጤት ይዘሽ?" ብለው ስቀውባታል። ጂኦግራፊ ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅም አውቃለሁ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ ቱሪስት ሲጭን የከተማችንን ከፍታ በሜትር እየነገረ ነው የሚያደርሳቸው። ጉርሻ ይጨምሩለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

"ምን ሊረባት ነው?" ላልከው ግን አንድ መልስ አለኝ፤ መልሱም ያንተው ቤት ነው። እንድትቀየመኝ ብዬ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እጀምራለሁ። ብዙውን ታውቀዋለህ፤ አንዳንዱን ግን ያን ጊዜ ጀርባህን ሰጥተህ ስለነበር አልሰማኸውም።

በ1995 እኔም አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ላሊበላ ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ስንቅ ሲያልቅብን ወደ ኩልመስክ እንወጣለን፣ እሑድ ተሸክመን እንመለሳለን። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን መምህር ምስጋኑ ይባሉ ነበር። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፣ ብርድ አይችሉም፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ኮፍያቸውን አያወልቁም። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ የዮርዳኖስ ወንዝ የት እንደሚገኝ ጠየቁን። የከተማው ልጆች በአንድ አፍ እንደተነጋገሩ ሁሉ "እዚሁ ከተማችን፣ በቤተ ክርስቲያኖቹ መካከል" ብለው ጻፉ። ምን ያድርጉ፣ ተወልደው ያደጉት እሱን ዮርዳኖስ እያሉ ነው፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥር የሚያዩትም እሱን ነው። መምህር ምስጋኑ ወረቀቱን ሲመልሱ "ለቅዱስ ላሊበላ ሙሉ ማርክ፣ ለእናንተ ዜሮ" አሉ። እኛ የኩልመስክ ልጆች ወንዙን በደንብ ስለማናውቀው መልሱን ያጠናነው ከመጽሐፍ ነበር። ከተሜዎቹን የበለጥናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የካቲት ላይ ከከተማው በላይ ወዳለው ዳገት ይዘውን ወጡ። ታች ያሉትን መንደሮች እያሳዩን፣

"ቤታችሁን እዚያ ቦታ ላይ ማን አስቀመጠው?" አሉ።

"አባቴ" አለ አንዱ።

"አባትህንስ ማን አዘዘው?"

አንዲት ልጅ "እግዜር" አለች፤ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

"እግዜር ያውቃል። ከእሱ በታች ግን ያዘዘው ነፋስ ነው። እስቲ ተመልከቱ።"

እውነትም ቤቶቹ ሁሉ ከጫፉ ወረድ፣ ከሸለቆው ከፍ ብለው፣ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ነው የተቀመጡት። ተወልጄ ያደግሁበት ነገር ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አላየሁትም ነበር። ጫፍ ላይ ቢሆኑ ነፋሱ ጣራቸውን ያነሳዋል፤ ታች ቢሆኑ ውርጩ ይተኛባቸዋል። መምህር ምስጋኑ ቀጠሉና "ይኸ የደጋ ነው" አሉ። "ቆላ ብትወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ወዳጃችሁ ነፋስ ነው። ትንኝ ነፋስ ላይ መቆም አትችልም፤ ጥግ ትወዳለች፣ የታቆረ ውሃ ትወዳለች። እና ከወንዙ ራቅ በሉ፣ ነፋስ የሚመታውን ጎን ፈልጉ፣ እዚያ ሥሩ።" ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ነው በቃሌ የያዝኩት። ፈተና ላይ አልመጣም።

በዚያው ሳምንት ለስንቅ ቤት ስመጣ ወደ መተማ ለሠፈራ የሚመዘግቡ ሰዎች ኩልመስክ ላይ ስብሰባ ጠርተው ውለዋል። በልጉ ቀርቶብን፣ የክረምቱን ገብስ ደግሞ ውርጭ መትቶት የነበረበት ዓመት ነው። አንተ ከስብሰባው ስትመለስ ፊትህ እንደ ሠርገኛ በርቶ ነበር። መቼም እንደዚያ ደስ ብሎህ አላየሁህም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬህ ደስ አለኝ። በዚያ ዓመት ደስ ያለው ሰው ማየት ብርቅ ነበር።

"አንቺ፣ ሣሩ እኮ ከሰው ቁመት በላይ ነው አሉ! ላም ገብታ ትጠፋለች" አልካት የፋናን እናት ባንችይርጋን።

"ላሟ የት አለችና ነው እምትጠፋው?" አለችህ። ላሟን ሽጠን ለእህል ካዋልናት ሰንብተናል።

እናታችን ከጥጓ ሆና "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" አለች። አንተ እሷንም አልሰማሃትም። ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ጥቁሩ አፈር፣ ድንጋይ ስለሌለው ማሳ ትናገራለህ። ላስታ ተወልዶ ድንጋይ የሌለው ማሳ ሲባል ልቡ የማይሄድ ገበሬ የለምና አልፈርድብህም።

ያን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ከሄዳችሁ ቤታችሁን ከፍ ካለው ቦታ፣ ነፋስ ከሚመታው ጎን ሥሩ፣ ወንዝ አጠገብ አትሥሩ አልኩ። መምህር ምስጋኑ እንዳሉት አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ነው የተናገርኩት። አንተ እስኪበቃህ ሳቅህ።

"ነፋስ ላይ ቤት ሥሩ? ይችን ነው እሚያስተምሩሽ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ!"

ጎረቤቶችም ሳቁ። ከዚያ ሳቅህን አቁመህ "አባታችንን የጨረሰው ነፋስ አይደለም ወይ?" አልክ። አባታችን የሞተው በሳንባ ምች ነበር፤ አንተ ግን ሁልጊዜም የሰሜኑን ግድግዳ ሰንጥቆ የገባውን ብርድ ነበር የምትከሰው። ግድግዳውን ሳትለስነው የቀረኸው አንተ ስለነበርክ ይሆናል። እኔም ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን ያላየኸውን ልንገርህ። ባንችይርጋ ተከትላኝ ወጣች። ከቤቱ ጀርባ አመድ ከሚደፋበት ቦታ ቆሜ ነበር። "የኔ እቴ፣ እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ" አለችኝ። በእንጨት አመዱ ላይ ኮረብታ ሣልኩላት፣ ወንዝ ሣልኩላት፣ ነፋሱ በዚህ ቢመጣ ቤቱ እዚህ ይሆናል አልኳት። ተንበርክካ አየችው።

"ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ? አገሩ የሰው አገር" አለች።

"ዛፎቹን እያቸው። ብዙ የተመቱ ከሆኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ።"

"ዛፉስ በሁለቱም ጎን ቀጥ ያለ እንደሆነ?"

"እንግዲያው ቦታው ጥግ ነው። እዚያ አትሥሩ።"

ራሷን ነቀነቀች። እኛ ክፍል ውስጥ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። ባንችይርጋ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ብትረግጥ ኖሮ እኔን ትበልጠኝ ነበር። ይህን የምለው ሙታንን ለማመስገን አይደለም። እወዳት ነበር፤ በቁሟ ብነግራት ደስ ባለኝ።

ጋሸና ላይ የተለያየንበትን ቀን ታስታውሳለህ። ከየወረዳው የመጡት መኪናዎች መገንጠያው ላይ ተሰልፈው፣ ሰው ከነዶሮው ተጭኖ፣ ምግብ ቤቶቹ በር ላይ ሹፌሮች ቁርጥ ሲበሉ ሠፋሪ ያያቸዋል። አንተ ስልቻ ሙሉ የገብስ ዘር ተሸክመህ ነበር፣ ከላይ ደግሞ የአባታችንን በርኖስ ደርበሃል። መተማ በርኖስ! አንድ ሹፌር "ጌታዬ፣ እዚያ ሲደርሱ ቆዳዎንም ማውለቅ ያምርዎታል" ቢልህ ተቆጣህ። ፋና ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። አንተ ይዘናት እንሂድ ብለህ ነበር፤ ባንችይርጋ "ቦታውን እስክናየው ከአያቷ ጋር ትቆይ፤ ትምህርትም ትጀምር" ብላ አስቀረቻት። መኪናው ሊነሳ ሲል ወደ እኔ ጎንበስ ብላ "ነገርሽን ይዤዋለሁ" አለችኝ። በመጨረሻ የሰማሁት ድምጿ ይኸው ነው።

የቀረውን የነገርከን አንተው ነህ፤ ለተዝካሯ መጥተህ፣ እናታችን ቤት ተቀምጠህ። ገብሱን ዘራኸው። በቅሎ ደስ አሰኘህ፤ ከዚያ ክንድ እንኳ ሳይሞላ ነጥቶ ቀረ። ጎረቤቶችህ "የላስታው ሰው ገብስ ቆላ አወረደ" እያሉ መሳቂያ አደረጉህ። ይህን ስትነግረን እናታችን በለቅሶዋ መሀል ፈገግ ብላ ነበር።

ቤት መሥሪያ ቦታ ስትመርጡ፣ ቀድመው የሠፈሩት ሰዎች ከኮረብታው አናት ነፋሱ ላይ ሠርተው አገኛችኋቸው። አንተ "እብዶች ናቸው" አልክ። ከኮረብታው ሥር ዛፍ የከበበው፣ ነፋስ ዝር የማይልበት፣ ወንዙ አጠገቡ የሆነ ጥግ አገኘህና "እግዜር ለእኔ ያስቀመጠው ነው" አልክ። ባንችይርጋ ምን እንዳለችህም ራስህ ነህ የነገርከን። "ዛፎቹ ቀጥ ብለዋል፤ ይኸ ጥግ ነው፤ ሰብሌ እዚህ አትሥሩ ብላለች" አለችህ። አንተም "ነፋስ የትም ቢሄድ ነፋስ ነው" አልካት። መስከረም ላይ ከታች የሠፈራችሁት እየተንቀጠቀጣችሁ ወደቃችሁ። አንተ ተነሳህ። እሷ በጥቅምት ሞተች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሐኪም ቤት እንኳ ማድረስ አልተቻለም። ቤተ ክርስቲያንም ገና አልተተከለም ነበርና ከቤትህ ጀርባ ቀበርካት።

ይህን ስትነግረን ከግድግዳው ላይ ዓይንህን አላነሳህም። እናታችን "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ" አለች። በሐዘንተኛ ላይ አይፈረድም፤ አሁንም እየፈረድኩብህ አይደለም። እንዲያውም ይህን ነገር ለዓመታት ሳስበው የደረስኩበትን ልንገርህ። አንተ ቦታ መምረጥ የማታውቅ ሰው አልነበርክም። እንደ ላስታ ሰው በደንብ አድርገህ ነው የመረጥከው። ያንን ጥግ ኩልመስክ ላይ ብታገኘው ሰው ሁሉ ይቀናብህ ነበር። አባታችንም፣ አያታችንም እሱኑ ይመርጡ ነበር። የምታውቀው ነገር እውነት ነበር፤ ግን የላስታ እውነት ነው፣ ቆላ ድረስ አብሮህ ሊሄድ አይችልም ነበር። ገብሱ ነግሮህ ነበር። አገር በእግር ነው የሚታወቅ ስትለኝ ይኸ ነው ትዝ ያለኝ። በእግርህ ባይሆን በመኪና ደርሰሃል። አገሩን ግን ስትደርስ አላወቅኸውም፤ እስክታውቀው ድረስ ደግሞ ባንችይርጋን አስከፈለህ።

ተማሪዎቼ "መምህር፣ ጂኦግራፊ ለምን ይጠቅማል?" ሲሉኝ መጽሐፉ ላይ ያለውን አነብላቸዋለሁ። ስለ ሀብት አጠቃቀም፣ ስለ ካርታ፣ ስለ አየር ንብረት ይላል። እውነት ነው፤ ለፈተናም ይበቃል። ያንተን ታሪክ ነግሬያቸው አላውቅም።

ለፋናም አልነገርኳትም ነበር። እናትሽ በወባ ሞተች ነው የተባለችው፤ እሱም እውነት ነው። በዚህ ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን ከክፍሏ ጋር ይዣት ወደዚያው ዳገት ወጣሁ። ትምህርቱ ነው፤ የወንድሜ ልጅ አለች ብዬ አልዘለውም። የነፋሱን ነገር እንደተማርኩት አስተማርኩ። ሁሉም ሲያወሩ እሷ እጇን አወጣች።

"ይህን የማያውቅ ሰው ቆላ ወርዶ ጥጉን ቢመርጥስ?"

"ቤተሰቡ ሊታመም ይችላል" አልኳት፤ ድምፄ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ሌላ አልጠየቀችም። ከዚያ ቀደም በጥር አንተን ልናይ መጥተን እንደነበር ታውቃለህ። ቤትህን አይታዋለች፣ ዛፎቹን አይታቸዋለች። ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ "ይኸ ቦታ ነፋስ የለውም፣ ደስ ይላል" ስትል ሰምቻታለሁ።

ዳገቱን በወጣን ማግሥት፣ ቅዳሜ፣ ልብስ ልናጥብ ወርደን ነው የጠየቀችኝ።

"እናቴ የሞተችው ለዚህ ነው?"

"ይመስለኛል" አልኳት። "በእርግጠኝነት ግን ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ኮረብታው ላይም የታመመ ሰው ነበር። ታች ግን ብዙ ነበሩ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ነግሬያት ነበር።"

"ለአባቴስ ነግራው ነበር?"

"አዎ። ራሱ ነው የነገረን።"

ያንኑ ሸሚዝ ደጋግማ አሸችው። አላለቀሰችም፤ እኔም እንድታለቅስ አላባበልኳትም። ሰኔን ሙሉ በደወልክ ቁጥር አላናግረውም ያለችህ ለዚህ ነው። አንተም ሳይገባህ አልቀረም። ናቹራል አስገቢያት ማለት የጀመርከው እኮ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን እንደምትማር እንኳ ጠይቀህ አታውቅም። እንግዲህ በግልጽ ልናገረው። አንተ የፈራኸው ሥራ ታጣለች ብለህ ብቻ አይመስለኝም። ይህን ትምህርት በገፋች ቁጥር ቤትህን የምታይበት ዓይን ይለወጣል ብለህ ነው። ከሆነ ዘግይተሃል። አይታዋለች። አሁን ፊዚክስ ብታስተምራት የምትረሳው ነገር አይደለም።

ያም ሆኖ መልእክትህን አላስቀረሁብህም። እንዳልከው አድርጌ፣ ተራራ መቁጠሩንም ጨምሬ ነገርኳት። ተራራው ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ ከሁለት ወር በላይ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ከዚያ የትምህርቱን ነገር ትታ ሌላ ጠየቀችኝ።

"ቤቱን ለምንድን ነው እስካሁን ያላነሳው?"

ለእኔ የነገርከኝን ነገርኳት። ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ሲወጣ አንተ ባንችይርጋን ብቻዋን ጥዬ አልወጣም እንዳልክ፣ አለሜም ስትለምንህ ኖራ እንደታከታት፣ ትንሹ ልጅህ አምና በመስከረም ታሞ ለጥቂት እንደተረፈ። ፋና የታናሽ ወንድሟን መታመም አልሰማችም ነበር። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ለአንተ እንድነግርላት ያለችውን አንድም ቃል ሳልጨምር እጽፍልሃለሁ፦

"ተቀይሜው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ በይው። እናቴን ከእንግዲህ ወባ አይዛትም። ልጆቹን ግን ይይዛቸዋል። ጥምቀት ካለፈ እንመጣለን፤ ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ ዞሬ አይቼ የምመርጠው እኔ ነኝ። እስከዚያ ግን መስከረም እዚያ ጥግ ውስጥ እንዳያገኛቸው።"

ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት ሶሻል ተመዝግባለች። ወላጅ በሚለው ቦታ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ብትቆጣ መብትህ ነው፤ ስትደውል ካርድ ጨምረህ ደውል። ከዚያ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ አንብበህ እንደጨረስክ ተነስ፤ አለሜንና ልጆቹን ይዘህ ኮረብታው ላይ ካሉት ጎረቤቶችህ ጋር ተጠጋ። ያስጠጉሃል፤ የሰፊ አገር ሰዎች ናቸው። መቃብሩን በየቀኑ እየወረድክ ታየዋለህ። ቀን ትንኝ የለም።

ባንችይርጋን አልሰማሃትም። ልጇን ስማ።

እህትህ
ሰብሌ